የሮዋን ሁለተኛ ፑዲንግ

ብርድን እንደ ጠላት የሚቆጥር ሰው ቢፈለግ በሃርተንዴል መንደር ሙሪየልን የሚቀድም አይገኝም ነበር። የልጅ ልጇ ቲልዳ ከደጅ በገባች ቁጥር ሙሪየል መጀመሪያ የምትዳስሰው ግንባሯን ሳይሆን የእግር ሹራቧን ነው። ቲልዳ ስምንት ዓመቷ ነው። አያቷ ጎንበስ ስትል ካየች ሳትጠየቅ፣ ኮቴዋ ላይ ብረት እንደሚመታላት ፈረስ፣ እግሯን ወደ ኋላ ታነሣላታለች።

"ደረቅ ነው አያቴ።"

"እኔ ልየው።"

"ይኸው፣ አየሽ?"

"ተረከዙ ጋ ረጥቧል።"

"እሱ ላብ ነው።"

"ላብም ከቀዘቀዘ ያው ውሃ ነው" ትላለች ሙሪየል፣ ሌላ ሹራብ ከሙቁ ቁም ሳጥን ልታመጣ ደረጃውን እየወጣች።

ሙቁ ቁም ሳጥን የሚሉት ፎቅ ላይ የሙቅ ውሃው በርሜል የተቀመጠበትን ነው። ከበርሜሉ በላይ ሦስት የጣውላ መደርደሪያ አለ። አንሶላው፣ ፎጣው፣ የሌሊት ልብሱ ሁሉ እዚያ ገብቶ እንደ ትኩስ ዳቦ ሞቆ ይወጣል። ሙሪየል የምትሳሳለትን ነገር ሁሉ እዚያ ነው የምታስገባው። አንድ ጊዜ በረዶ ውስጥ ያገኘችውን የሰው ድመት ሳይቀር ሁለት ቀን እዚያ አስተኝታው ባለቤቶቹ መንደሩን ሲያምሱ ከርመዋል።

ልጇ ሮዋን፣ የቲልዳ እናት፣ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። መጋቢት ላይ ነው፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቷ፣ የደም በሽታ ይዟት። የቲልዳ አባት ልጅቷ ሳትወለድ መንገዱን ይዞ የሄደ ሰው ነው። ስለዚህ ልጅቷ ካያቷ በቀር፣ አያቲቱም ከልጅቷ በቀር ሰው የላቸውም። ሁለት ሰው ብቻ የቀረበት ቤት ደግሞ አንዱ ባስነጠሰ ቁጥር ይናጋል።

በጋውን ሁሉ ቲልዳ አትስቅም፣ አታለቅስምም። የቀረበላትን ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። ሙሪየል ምነው እንደ ልጅ በረበሸችኝ ብላ እስክትመኝ ደረሰች። መስከረም አልፎ የኮረብታው ዛፍ ሁሉ መቅላት ሲጀምር ግን ልጅቷ ነቃች። "አምና እንዳደረግነው እናድርግ" የሚል ቃል አመጣች። አምና እንዳደረጉት ካጥሩ ሥር የመጨረሻውን እንጆሪ ለቅመው ማርማላታ ሠሩ። አምና እንዳደረጉት ቅጠሉን ጠርገው ከፖም ዛፉ ሥር ከመሩት፣ ቲልዳም እስከ አንገቷ ገባችበት። ማታ ማታ ምድጃው ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው በኩባያ ሾርባ ይጠጣሉ። ኩባያው ግን አረንጓዴው መሆን አለበት፣ ብርድ ልብሱም ቀዩ። አንድ ቀን ሙሪየል ቀዩን አጥባ ሌላ ብታለብሳት ልጅቷ ሾርባውን ሳትነካ ቀዩ እስኪደርቅ ጠበቀች።

"የልጅ ልብ እንደ ሣር ነው፣ ቢረገጥም ቀና ይላል" አለች ሙሪየል ለጎረቤቷ ለሲረል። እንዲያ ስትል ራሷም ቀና ያለች መሰላት።

ኅዳር ገብቶ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲረል ባርኔጣውን ሙሉ ቼስትነት የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ይዞ መጣ። ጫካ ገብቶ ከቅጠሉ መሀል የለቀመው ነው፤ ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ ሰንጥቀው እሳት ላይ ይጠብሱታል።

"ክፈቺ እንጂ ሙሪየል፣ እኔና ብርዱ መጥተናል።"

"አንተ ግባ፣ እሱ ደጅ ይቅር። እግርህን ጥረግ።"

"ጠርጌአለሁ።"

"ድገመው።"

ሲረል ለቲልዳ ዓይኑን ጠቀሰላት። "አርባ ዓመት ፖስታ ሳድል ውሻ ነክሶኛል፣ በረዶ ቀብሮኛል። እንዳያትሽ ደጃፍ የፈራሁት ግን የለም።"

እሳቱን ከበው ተቀመጡ። ደጅ ነፋሱ ቅጠል ይዞ መስኮቱን ይዳብሳል፣ ቤቱ የማገዶና የተጠበሰ ፍሬ ሽታ ሸቷል። ሙሪየል "ይፈናጠራል፣ ራቅ በይ" እያለች ልጅቷን በየደቂቃው ወደ ኋላ ትስባታለች፤ ልጅቷም በየደቂቃው ወደፊት ትንፏቀቃለች።

"ገና ሊደርስ አምስት ሳምንት ብቻ ቀረው" አለች ቲልዳ።

"አምስት ሳምንት በኔ ዕድሜ ምን አላት" አለ ሲረል። "ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ብድግ ማለት ናት።"

"ከዚያ የእማማን ፑዲንግ እንበላለን።"

ሙሪየል እጇ ላይ ያለውን ፍሬ መላጥ ተወች።

ገና ሊደርስ አምስት ሳምንት ሲቀረው ያለው እሑድ በነሱ ዘንድ የማማሰያ እሑድ ነው። በዚያ ቀን የገናው ፑዲንግ፣ ጥቁሩ ጣፋጭ ኬክ፣ ይቦካል፤ ዘቢብ፣ የኩላሊት ሞራ፣ ቡናማ ስኳር፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ቀረፋና ገውዝ፣ ላዩ ላይ ብራንዲ። ቤተሰቡ በሙሉ በየተራ በእንጨት ማንኪያ ያማስላል፣ ሲያማስልም ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ነገር ይመኛል። ከዚያ ሊጡ ሸክላ ሳህን ውስጥ ገብቶ፣ አፉ በወረቀትና በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በሲባጎ ታስሮ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ይበስላል። በሙሪየል ቤት ሁለት ነው የሚሠራው። አንዱ ለዚያው ገና ይቀርባል፣ ሁለተኛው ቀዝቃዛው ጓዳ ገብቶ ዓመት ይከርማል። የከረመው ነው የሚጣፍጠው።

አምና ሮዋን ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ማንኪያውን በሁለት እጇ ይዛ ነው ያማሰለችው። ከመጀመሪያው ፑዲንግ ለገና ሁለት ማንኪያ ቀመሰች። ሁለተኛው፣ ሰማያዊ ቀለበት ያለበት ሳህን ውስጥ ያለው፣ ተቀመጠ።

"ስንበላው የተመኘችው ነገር ይሆናል" አለች ቲልዳ።

"ምን ነበር የተመኘችው?" አለ ሲረል።

"ምኞት አይነገርም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሲባጎውን ስናስረው 'ይሄን ሁለተኛውን በሚመጣው ገና ሦስታችን ነን የምንበላው' ብላኛለች።"

ከእሳቱ አንድ ፍሬ ጧ ብሎ ፈነዳ። ማንም አልደነገጠም።

"ቲልዳ እናቴ" አለች ሙሪየል ቀስ ብላ፣ "እማማ እኮ..."

"ሞታለች። አውቃለሁ፣ ሕፃን አይደለሁም።" ልጅቷ ቅርፊት በጥፍሯ ታነሣለች፣ ቀና አላለችም። "ለመብላት ብቻ ነው የምትመጣው። ከዚያ ትሄዳለች። ለዚህ ነው ሁሉን እንደ አምና ያደረግነው፣ ቤቱ ተለውጦ እንዳይጠፋባት።"

ሲረል ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ አዞረው፣ መልሶ አዞረው።  አረንጓዴው ኩባያ፣ ቀዩ ብርድ ልብስ፣ እንጆሪው፣ ሁሉም አሁን ለሙሪየል ገባት። ሣሩ ቀና አላለም ነበር። ልጅቷ መች ተጽናናች፣ እየጠበቀች ነው እንጂ።

"የእግር ማሞቂያውን የውሃ ጎማ ላምጣ" ብላ ተነሣች፣ ጎማው ቲልዳ እግር ሥር ተቀምጦ ሳለ።

ሙቁን ቁም ሳጥን ከፍታ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከአንሶላው ኋላ፣ በሱፍ ብርድ ልብስ የተጠቀለለውን አወረደች።

ፑዲንግ ቦታው ቀዝቃዛ ጓዳ መሆኑን ሙሪየል እንደ ስሟ ታውቃለች፣ ሃምሳ ዓመት ሠርታዋለች። ግን ሮዋን በመጨረሻዋ ሳምንት "በረደኝ እማዬ" ስትል ነው የሰነበተችው። ስድስት ብርድ ልብስ ደራርባላታለች፣ እግሯን በብብቷ ይዛላታለች፤ አልሞቃትም። ከቀብሩ ሳምንት በኋላ ጓዳ ስትገባ ግድግዳው በዝናቡ ርሶ፣ ያ ሳህን ብርዱ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አየችው። ማየቱን አልቻለችም። በፕላስቲክ ጠቀለለችው፣ በሱፍ ደገመችው፣ ሽቅብ ይዛው ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስታልፍ በሩን ዳበስ ታደርገዋለች እንጂ አልከፈተችውም።

ሱፉን ስትፈታ ሽታው ቀደማት። ጨርቁ በውስጥ በኩል ረጥቧል። ወረቀቱን ስታነሣ ከሥሩ አረንጓዴና ነጭ ጸጉር ያበቀለ ነገር ነበር፣ መሀሉ ሰርጉዶ ውሃ አቁሯል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ይህን ግን ፈርታውም አታውቅ። ከሁሉ ነገር ጠብቃው፣ ከራሷ ብቻ ሳትጠብቀው ቀረች።

ሳህኑን በሱፉ ሸፍና ወደ ወጥ ቤት ስታወርደው ሲረል ለመሄድ ተነሥቶ ተከትሏት ገባ። አሳየችው። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

"የት ነበር ያስቀመጥሽው?"

"ላይ። ሙቁ ውስጥ።"

"ምን ነካሽ ሙሪየል፣ እንደ ጫጩት ልታስፈለፍዪው ነው?" ቀልዱ ከአፉ ሳይወጣ ተጸጸተ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ንገሪያት።"

"ልቧን ነው የምሰብረው።"

"ዛሬ ካልሰበርሽው ገና ዕለት ራሱ ይሰበራል። ማንም አይመጣም እኮ።"

"ገና ዕለት ከሆነ እግዜር ነው የከለከላት። ዛሬ ከሆነ እኔ ነኝ።"

ሲረል ባርኔጣውን ራሱ ላይ ደፋ።

"ነገ ሁለት እሠራለሁ" አለች ሙሪየል። "አንዱን በዚህ ሳህን አድርጌ እንደነበረ አስመስዬ አስራለሁ። ከሳህኑ ከገለበጡት ፑዲንግ ሁሉ ጥቁር ነው፣ ማን ለይቶት። አንተ ብቻ ከሰዓት በኋላ ልጅቷን የጥድ ፍሬ ለቀማ ውሰድልኝ።"

"ውሸት ነው የምታቦኪው።"

"አውቃለሁ፣ ግን ውሰድልኝ። ቆብ አድርግላት።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊጡን አቦኩ። ቲልዳ ዱቄት አፍንጫዋ ላይ ሆኖ ዘቢቡን ትቆነጥራለች። ተራዋ ሲደርስ በርጩማ ላይ ቆመች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ማንኪያውንም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ከሲረል ቤት ወደ ጓዳው በር፣ ሰብአ ሰገል በመጡበት አቅጣጫ አዞረች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሙሪየል ላለማየት ፊቷን አዞረች።

"ያንቺ ተራ አያቴ።"

ሙሪየል ማንኪያውን ያዘች። አምና ይህን ማንኪያ ይዛ አንድ ነገር ብቻ ለምናለች። ዘንድሮ ምን እንደምትለምን ጠፋት። ሊጡ ከብዷት እጇን እያየች ዝም ብላ አማሰለች።

"ዓይንሽን አልጨፈንሽም።"

"ጨፍኛለሁ።"

"አየሁሽ እኮ።"

"አንቺስ ዓይንሽን ገልጠሽ ምን ታደርጊያለሽ" አለች ሙሪየል፣ ሁለቱም ጥቂት ሳቁ። በዚያ ወጥ ቤት ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሳቀ ሳቅ ነው፣ ውሸቱ ከኋላው እየጠበቀ ግን ባይሳቅ ይሻል ነበር።

ሲረል መጥቶ ልጅቷን ወሰዳት። ሙሪየል እስከ አጥሩ በር ተከትላ ቆቧን ጆሮዋ ድረስ አወረደችላት፣ አንገት ልብሷን ሁለት ጊዜ አዞረችላት።

"አጎቴ ሲረል፣ መተንፈስ ይፈቀድልኛል?" አለች ቲልዳ ከሱፉ ውስጥ።

"ቀስ ብለሽ፣ ሳታይሽ" አላት።

እንደሄዱ ሙሪየል እጅጌዋን ሰበሰበች። የሻገተውን በማንኪያ ወደ ባልዲ አወጣችው። መሀሉ ላይ ሮዋን በጣቷ ገፍታ ያስገባቻት ትንሿ የብር ሳንቲም አለች፤ ፑዲንጉ ሲቆረስ የደረሰችው ሰው ዓመቱ ይቀናዋል ይባላል። ሙሪየል ለቅማ አወጣቻት። በሽታ እንዳይኖርባት ብላ በፈላ ውሃና በሳሙና አጠበቻት፣ አደረቀቻት። ሳህኑን ፈትጋ አጠበች፣ አዲሱን ሊጥ ሞላችበት፣ ሳንቲሟን ከተተች፣ ወረቀቱን አለበሰች፣ ጨርቁን አለበሰች። ሲባጎው ቀረ።

ሥራው እዚያ ላይ ደረሰና ቆመ። ሲባጎ ከሳህኑ ከንፈር በታች ሁለት ዙር ዞሮ፣ ሁለቱ ጫፎች በሁለት እጅ ተስበው ሲቋጠሩ፣ ቋጠሮው እንዳይላላ አንድ ሰው ጣቱን ላዩ ላይ መጫን አለበት። ሁለት እጅ ይስባል፣ ሦስተኛው ይጫናል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሦስተኛ እጅ ጠፍቶባት አያውቅም። መጀመሪያ ባሏ፣ ቀጥሎ ሮዋን፣ ኋላም ሮዋን ስታስር ቲልዳ። ሙሪየል በአገጯ ጫነችው፣ ላላ። በክርኗ ሞከረች፣ ሳህኑ ተንሸራተተ። ማንኪያ አስደግፋ ሳበች፣ ማንኪያው ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሲባጎው ጣቷን ከርክሮ አቀላው። አንድ ጊዜ ፈታች፣ አራት ጊዜ ፈታች። ደጅ ዝናብ መጣሉን አልሰማችም።

"አያቴ፣ ጫማዬ ውሃ ገባበት፣ እንዳትቆጪ።"

ቲልዳ በሩ ላይ ቆማ እግሯን ወደ ኋላ አንሥታ ነበር፣ ሹራቧ እንዲዳሰስ። ማንም አልዳሰሰውም። ሲረል ከኋላዋ ሆኖ "ዝናቡ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ" የሚል ፊት አሳየ። ቲልዳ እግሯን ቀስ አድርጋ አወረደች። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ቀለበት ያለበት ሳህን አለ።

"እሱ የእማማ ነው።"

"አዎ።"

"ለምን ተፈታ?"

ሙሪየል ውሸቱን አዘጋጅታው ነበር። አየር እንዲያገኝ ነው ልትል ነበር። አፏን ስትከፍት ግን አልወጣም።

"ተበላሽቶ ነው። ሻግቶ። ይሄ ዛሬ ያማሰልነው ነው።"

"ማን አበላሸው?"

"እኔ።"

"ለምን?"

"እንዳይበርደው ብዬ።"

ቲልዳ ባልዲውን አየችው። ሄዳ ክዳኑን አነሣች። ሙሪየል "አትንኪው፣ ሳንባ ይጎዳል" ልትል ተነሥታ መልሳ ተቀመጠች። ልጅቷ አጎንብሳ አሸተተች። ረጅም ጊዜ አሸተተች፣ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ። ከዚያ ክዳኑን መለሰች።

"ሳንቲሙስ?"

"አውጥቼዋለሁ። አጥቤ አዲሱ ውስጥ ከትቼዋለሁ።"

"አጠብሽው?"

"በሳሙና።"

"እማማ ነበረች የነካችው" አለች ቲልዳ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ለምን ታጥቢዋለሽ?"

ሙሪየል እጇ ላይ ያለውን ሲባጎ ታየዋለች፣ ከጣቷ ይፈታል፣ ይጠመጠማል። "ይቅር በይኝ እናቴ" ብትል ልጅቷ ይቅር ማለት ግዴታ ይሆንባታል። ስለዚህ አላለችም። ሲረል ደጃፉ ላይ እንደቆመ እግሩን ጠረገ፣ ደገመው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

የትልቁ ድስት ውሃ ፈልቶ ክዳኑን ያንቀጠቅጠዋል። ቲልዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አለቀሰች፣ ግን እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ትልቅ ሰው፣ ፊቷን ሳታጨማድድ። ሙሪየል ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ አልመጣችም፣ አልሸሸችም። ቆይቶ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና በርጩማውን ስባ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። አንድ ጣቷን ሳህኑ ጎን፣ ሲባጎው የሚቋጠርበት ላይ ጫነች።

"ሳቢው" አለች።

ሙሪየል ሁለቱን ጫፎች ሳበች። የልጅቷ ጣት ትንሽ ነው፣ ከዝናቡ ሳይደርቅ ቀዝቅዟል። ቋጠሮው ወደ ጣቱ ቀረበ። ቲልዳ ቀና ብላ አያቷን አየቻት። የሆነ ነገር ትጠብቃለች።

"ምነው?" አለች ሙሪየል።

"እማማ እዚህ ጋ ስትደርስ 'ጣትሽን አሰርኩት፣ እስከ ገና የትም አትሄጂም' ትል ነበር።"

ሙሪየል ልትለው ፈለገች። "ጣትሽን" ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም። ቲልዳ ጥቂት ጠበቀችላት። ከዚያ ጣቷን ራሷ መዘዘችው። ቋጠሮው ጠበቀ፤ ጣቷ የነበረበት ቦታ ላይ ትንሽ ክፍተት ቀረች።

ሙሪየል ሳህኑን ወደ ድስቱ አወረደችው፣ ክዳኑን ከደነችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጅቷን ሹራብ ዳሰሰች፣ ቢጨምቁት ውሃ ይወርደዋል። አወለቀችላት። እግሯን በሁለት መዳፏ ያዘች፣ በረዶ ሆኗል።

"ገና ስንት ሳምንት ቀረው?" አለች ቲልዳ።

"አምስት።"

"ብዙ ነው" አለች ልጅቷ።

ሙሪየል ሌላ ሹራብ ልታመጣ አልተነሣችም። ውሃው ድስቱ ውስጥ እየተንተከተከ፣ የልጅቷ እግር እስኪሞቅ ድረስ ይዛው ተቀመጠች።